ዲኮምፕሬሽን ምንድን ነው?

መንገደኛ አውሮፕላን 10,000 ሜትር ላይ ሲበር ውጭ ያለው አየር ለሰው ሳንባ አይበቃም፤ በጣም ስስ ነው። ስለዚህ አየር በግፊት ወደ ውስጥ ይገባል። የውስጡ ግፊት ብዙ ጊዜ ከ1,800 እስከ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ካለው ጋር ይቀራረባል። የአዲስ አበባ ሰው ሰማይ ላይ ሆኖም የሚተነፍሰው ያው የሰፈሩን ያህል ነው ማለት ነው። ይህ ግፊት አምልጦ ሲወጣ ዲኮምፕሬሽን ይባላል።

ሰኔ 3 ቀን 1982 ዓ.ም.። የብሪቲሽ ኤርዌይስ በረራ 5390 ከበርሚንግሃም ወደ ማላጋ ከተነሳ ገና 13 ደቂቃው ነው። 5,000 ሜትርን እንዳለፈ፣ በካፒቴኑ በኩል ያለው የፊት መስታወት ድንገት ተገንጥሎ በረረ። ካፒቴን ቲም ላንካስተርም ከወገቡ በላይ ተስቦ ወጣ። እግሩ መሪው ላይ ባይያዝ ኖሮ አብሮ ሄዶ ነበር። አንድ አስተናጋጅ ሮጦ ገብቶ ወገቡን ጨምድዶ ያዘው። የኮክፒቱ (የአብራሪዎቹ ክፍል) በር ወደ ውስጥ ተገንጥሎ ወድቋል። ነፋሱ ከማየሉ የተነሳ ረዳት አብራሪው አላስቴር አቺሰን በሬዲዮ የሚመለስለትን መስማት አቃተው። ቢሆንም ሳውዝሃምፕተን ላይ አውሮፕላኑን አሳረፈ። ካፒቴኑ ሞቷል ብለው ነበር። አልሞተም! ክንዱ ተሰብሮ፣ ብርድ ጎድቶት ተረፈ፤ ከወራት በኋላም ወደ ሥራው ተመለሰ።

መንስኤው ብሎን ነው። መስታወቱ ከበረራው በፊት ሲቀየር ከታሰሩት 90 ብሎኖች 84ቱ ከልካቸው የቀጠኑ ነበሩ። ልዩነቱ አንድ ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም።

አቺሰን በዚያ ሁሉ ትርምስ መሀል አውሮፕላኑን በፍጥነት ወደ ታች ወሰደው። እንዲህ ሲሆን መንገደኛ «ወደቅን፣ አለቀልን» ይላል። ነገሩ ግን ተቃራኒው ነው፤ መድኃኒቱ መውረዱ ነው። 10,000 ሜትር ላይ ኦክስጅን ያጣ ሰው አእምሮው በቅጡ የሚሠራው ከግማሽ እስከ አንድ ደቂቃ ቢሆን ነው። አብራሪዎች መጀመሪያ የራሳቸውን የኦክስጅን ማስክ ያጠልቃሉ፤ ከዚያ ያለ ማስክ መተንፈስ ወደሚቻልበት 3,000 ሜትር ገደማ ይወርዳሉ።

እኔን የበለጠ የሚያስፈራኝ ግን ኮሽታ የሌለው ዓይነት ነው። በነሐሴ 1997 ዓ.ም. ከላርናካ ወደ አቴንስ የተነሳው የሄሊዮስ በረራ 522 ምንም መስታወት አልተሰበረበትም። የግፊት መቆጣጠሪያው ማብሪያ ግፊቱን በራሱ እንዲያስተካክል አውቶማቲክ ላይ መሆን ሲገባው በእጅ ሞድ ላይ ቀርቶ ነበር፣ በቃ። ማስጠንቀቂያው ጮኸ፤ አብራሪዎቹ የሌላ ችግር ምልክት መሰላቸው። አውሮፕላኑ ወደ ላይ መውጣቱን ቀጠለ፤ እነሱ ራሳቸውን ሳቱ። ነዳጁ ሲያልቅ ግሪክ ውስጥ ተከሰከሰ። ተሳፍረው የነበሩት 121 ሰዎች በሙሉ አለቁ።

ማስክ ከላይ ቢወርድልዎ ሳብ አድርገው አፍና አፍንጫዎን ይሸፍኑ። ልጅዎ አጠገብዎ ቢሆንም መጀመሪያ ለራስዎ ያድርጉ፤ እርስዎ ከደከሙ ለእሱ የሚያጠልቅለት የለም። ማስኩ ላይ ያለው ከረጢት ባይነፋም አይደንግጡ፣ ኦክስጅን እየመጣ ሊሆን ይችላል። የሚቃጠል ነገር ከሸተተዎትም እሳት ተነሳ ብለው አይጩሁ። በብዙ አውሮፕላኖች ኦክስጅኑ የሚመረተው እዚያው ከራስዎ በላይ በኬሚካል ነው፤ ዕቃው ሲግል ይሸታል። የሚቆየው ከ12 እስከ 15 ደቂቃ ገደማ ነው። አብራሪው ወደ ታች ለመውረድ ብዙውን ጊዜ ከዚያ ያነሰ ይበቃዋል።