«ጀርመን እንኳ የፍጥነት ገደብ የለም» ለሚሉ ጎጃሜዎች

ስለ መኪና አነዳድ ወሬ ሲነሳ ከደጀን እስከ ባሕር ዳር የማይቀር አንድ ንግግር አለ። «ጀርመን ውስጥ የፍጥነት ገደብ የለም፤ ሰውም እንደኛ አገር አይሞትም። ስለዚህ የሚገድለው ፍጥነት አይደለም።» ጀርመን ዘመድ ያለው ሰው ደግሞ ትንሽ ይጨምርበታል። እኔም እዚያ ዘመዶች አሉኝ። መንጃ ፍቃድ ለማውጣት ያዩትን ፍዳ ሰምቻለሁ፣ ሕጉንም አገላብጬ አንብቤዋለሁ። ወሬውና ሕጉ አይተዋወቁም። የቡና ላይ ጨዋታ ሆኖ ቢቀር ባላስጨነቀኝ ነበር፤ ግን ይህንን ወሬ አምኖ፣ ሚኒባስ ሙሉ ሰው ይዞ፣ ከደምበጫ ወደ ፍኖተ ሰላም የሚበር ወጣት አለ።

መጀመሪያ «ገደብ የለም» የሚለውን እንየው። ገደብ የሌለው አውቶባን በሚባለው የፍጥነት መንገድ ላይ ነው፣ እዚያም ቢሆን በሁሉም ቦታ አይደለም። የአውቶባኑ ጠቅላላ ርዝመት 13 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ብዙ ቦታ በሰዓት 120፣ 100 ወይም 80 ኪሎ ሜትር የሚል ምልክት ተተክሎበታል። ምልክት በሌለበት ደግሞ 130 የሚመከር ፍጥነት ነው። ከዚያ በላይ መንዳት ብቻውን አያስቀጣም፤ አደጋ ከደረሰ ግን ጥፋቱ የሌላው ቢሆን እንኳ ከፊሉ ኃላፊነት በፈጣኑ ሾፌር ላይ ሊወድቅ ይችላል። ከባድ መኪና በአውቶባን ላይ 80 ነው፣ አለቀ። ከተማ ሲገቡ የከተማው ስም የተጻፈበት ሰሌዳ ራሱ 50 ማለት ነው፤ ሌላ ምልክት አይጠበቅም። ከከተማ ውጭ ባለው ተራ መንገድ የቤት መኪና 100 ነው።

እዚህ ላይ ቆም በሉ። የእኛን የማርቆስ–ቡሬ መንገድ የሚመስለው አውቶባን አይደለም፤ ይሄ ተራው መንገድ ነው። አንድ መስመር መሄጃ፣ አንድ መስመር መምጫ፣ መሀል ላይ ቀለም ብቻ። ጀርመን ውስጥ በመኪና አደጋ ከሚሞቱት ሰዎች ከግማሽ በላይ የሚሞቱት እዚህ ላይ ነው። አውቶባን ላይ የሚሞተው ከአስሩ አንድ ገደማ ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ አውቶባን ላይ ፊት ለፊት የሚመጣ መኪና የለም፣ መስቀለኛ መንገድ የለም፣ እግረኛና ብስክሌት በሕግ አይገቡም፣ ያለ ምክንያት መቆም ክልክል ነው፣ በቀኝ በኩል መቅደምም ክልክል ነው። እስቲ ይህንን በገበያ ቀን ደምበጫ ላይ ፈልጉት። አህያ አለ፣ ጋሪ አለ፣ ባጃጅ አለ፣ ጋቢውን የተከናነበ አባወራ ጀርባውን ለመኪና ሰጥቶ ይሄዳል፣ ከትምህርት ቤት የተለቀቀ ሕፃን ከጎን ብድግ ብሎ ይሮጣል። ታዲያ ከአውቶባን ያ ሁሉ ተትቶ ፍጥነቱ ብቻ እንዴት ይኮረጃል?

የጀርመን የመንጃ ትምህርት ቤቶች የሚያስተምሩት ቀላል ስሌት አለ፣ ለእኛም ይሠራል። ፍጥነታችሁን ለ10 አካፍሉና በ3 አባዙት፤ ነገሩን አይታችሁ እግራችሁ ፍሬን እስኪረግጥ መኪናው የሚሄደው ሜትር ነው። ከዚያ ለ10 ያካፈላችሁትን በራሱ አባዙት፤ ፍሬን ከተረገጠ በኋላ የሚሄደው ነው። በ50 ስትነዱ 15 እና 25፣ በድምሩ 40 ሜትር። በ100 ስትነዱ 30 እና 100፣ በድምሩ 130 ሜትር። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን የፍሬኑ ርቀት አራት እጥፍ ሆነ። ይህ ደግሞ መንገዱ ደረቅ፣ ፍሬኑ ጤነኛ፣ ጎማው ያልተላጨ ሲሆን ነው። በሐምሌ ዝናብና ጉም እንጅባራ ላይ፣ በተላጨ ጎማ፣ ትርፍ ሰው ተጭኖ ስንት ይሆናል? «እኔ ፍሬን ላይ ፈጣን ነኝ» የሚል ሾፌር ቢበዛ የሚያሳጥረው ያችን የመጀመሪያዋን ክፍል ነው። ሁለተኛውን እግሩ አያዝዘውም።

ቀጥሎ የሚመጣው አባባል ከሁሉም በላይ ያናድደኛል። «ፈረንጅ ሲፈጠርም ሕግ አክባሪ ነው፤ የእኛ ሰው አይለወጥም።» ውሸት ነው። እ.ኤ.አ. በ1970 በሁለቱ ጀርመኖች፣ በምዕራቡና በምሥራቁ፣ ከ21 ሺህ በላይ ሰው በመኪና አደጋ ሞቷል። በአንድ ዓመት! እ.ኤ.አ. በ2023 የሞቱት 2,800 ገደማ ናቸው፣ ያውም የመኪናው ብዛት ከዚያን ጊዜው ጋር በማይወዳደርበት ዘመን። ሕዝቡ አልተቀየረም። የተቀየረው ሌላ ነው። በ1972 በምዕራብ ጀርመን ከከተማ ውጭ ባሉ ተራ መንገዶች ላይ የ100 ገደብ ወጣ። በ1973 ለመጠጥ ወሰን ተበጀ፣ ኋላም ወሰኑ ጠበበ። በ1976 የፊት መቀመጫ ቀበቶ ግዴታ ሆነ፣ ግን ቅጣት አልነበረውም፤ እናም ብዙው ሰው አላሰረም። ያ «ሕግ አክባሪ» የሚባለው ሕዝብ ማለት ነው። በ1984 ለማያስር ሰው የ40 ማርክ ቅጣት ሲመጣ የሚያስረው ወዲያው ከ90 በመቶ በላይ ሆነ።

ሌላም ነገር አለ። በ1969 ቢዮርን ሽታይገር የሚባል የ8 ዓመት ልጅ መኪና ገጨው። አምቡላንስ ለመድረስ አንድ ሰዓት ገደማ ፈጀበት፣ ልጁም ወደ ሐኪም ቤት ሲወሰድ ሞተ። ወላጆቹ በስሙ ድርጅት አቋቋሙ፣ በየመንገዱ ዳር የድንገተኛ ጥሪ ስልክ እንዲተከል፣ አንድ ወጥ የአደጋ ቁጥር እንዲኖር ወተወቱ፤ ቁጥሩም በ1973 በመላ ምዕራብ ጀርመን ተወሰነ። የሁለት ወላጆች እልህ ነው። እንዲህ ያለ ነገር በደም አይወረስም፣ ይሠራል እንጂ።

ደግሞ «አደጋው መንገዱ ስለተበላሸ ነው፣ አስፋልቱ ሲታደስ ያልፍለታል» ይባላል። ጉድጓድ ሰው ይገድላል፣ አልክድም። ግን ለስላሳ አስፋልት ላይ ሾፌሩ ይፈጥናል፣ መንደሩም መንገዱን ተከትሎ ያድጋል። የእግረኛ መሄጃና ማቋረጫ ሳይኖር አስፋልት ብቻ ሲነጠፍ የሚፈጥነው መኪናው ብቻ ሳይሆን አደጋውም ጭምር ነው።

አሁን ወደ አባይ በረሃ እንውረድ፤ የጎጃም ሾፌር ሁሉ ፈተናው እዚያ ነው። ከደጀን ወደ ድልድዩ ወርዶ ወደ ጎሐ ጽዮን ለመውጣት መንገዱ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ቁልቁለቱ በከፍታ ሲለካ ከ1,000 ሜትር በላይ ነው። እዚህ ቁልቁለት ላይ «በፎሌ ስትወርድ ነዳጅ ይተርፋል» የሚል እምነት አለ፤ ማርሽ አውጥቶ መውረድ ማለት ነው። ወገኖቼ፣ ይሄ ነገር ነፍስ ያስከፍላል። አሁን ያሉት ብዙዎቹ ሞተሮች ማርሽ ውስጥ ሆነው፣ እግር ከነዳጅ ላይ ተነስቶ ሲወርዱ ነዳጁን ራሳቸው ያቋርጡታል፤ መኪናው በተሽከርካሪው ጉልበት ይሄዳል። ፎሌ ሲሆን ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ነዳጅ መጠጣት አለበት። ስለዚህ ቁጠባው ራሱ የለም። ጉዳቱ ግን አለ፦ ሞተሩ መኪናውን መያዝ ያቆማል፣ ሸክሙ በሙሉ ፍሬን ላይ ይወድቃል፣ ፍሬኑ ይግላል፣ የሚሸት ጭስ ይመጣል፣ ከዚያ ቢረገጥም አይዝም። በዚያ ፍጥነት ማርሽ ልመልስ ቢሉ አይገባም። የአየር ፍሬን ያለው ከባድ መኪና ደግሞ ቶሎ ቶሎ ሲረገጥ አየሩ ይወርዳል። ትክክለኛው መንገድ ያረጀ ያፈጀ ነው፦ ሽቅብ በምትወጡበት ማርሽ ቁልቁል ውረዱ፣ ማርሹንም ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ደጀን ላይ አስገቡት። ፍሬኑን ረገጥ አድርጋችሁ ፍጥነቱን ቀንሱና ልቀቁት፤ እግራችሁን አስደግፋችሁ አትውረዱ። ከሸተታችሁ ቁሙ፣ ይቀዝቅዝ። የተሳፋሪው ጩኸት ከዚያ ከገደል አይበልጥም።

«ቀበቶ ካሰርኩ መኪናው ገደል ሲገባ መውጫ አጣለሁ፤ ካላሰርኩ ተወርውሬ እተርፋለሁ።» ይህንንም በአባይ መንገድ ላይ በብዛት እሰማዋለሁ። ከመኪና ተወርውሮ የሚወድቅ ሰው የሚያገኘው ድንጋይ፣ ዛፍ ወይም የሚገለበጠውን መኪና ራሱን ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ቀበቶ የፊት ተቀማጮችን የመሞት ዕድል በግማሽ ያህል ይቀንሳል። ከኋላ ያለው ሰው ካላሰረ ደግሞ ሲጋጭ ፊት ያለውን ሰው ይመታዋል። ጀርመን ውስጥ ከኋላ ያለውም የማሰር ግዴታ አለበት። 12 ዓመት ያልሞላውና ቁመቱ ከአንድ ሜትር ከ50 በታች የሆነ ልጅ ደግሞ የልጅ መቀመጫ ያስፈልገዋል። ሕፃን በእናት ጭን ላይ ሆኖ ፊት መቀመጥ እዚህ ፍቅር ይመስላል፣ ግን በግጭት ጊዜ የማንም ክንድ አይችለውም።

«የለመደ ሾፌር አይደክምም፣ ጫት ካለ ደግሞ ሌሊቱን ያነጋል።» ጫት ድካሙን ይደብቀዋል እንጂ አያጠፋውም። ሰውነቱ እንደደከመ ነው፣ ስሜቱ ብቻ ይዋሻል፤ ምርቃናው ሲለቅ ደግሞ እንቅልፉ በአንዴ ይወድቃል። ጀርመንን ጨምሮ በአውሮፓ ኅብረት የከባድ መኪና ሾፌር ከአራት ሰዓት ተኩል በኋላ 45 ደቂቃ ማረፍ አለበት፣ በቀን 9 ሰዓት ብቻ ይነዳል፣ በሳምንት ሁለት ቀን 10 ይፈቀድለታል። ይህንን የሚመዘግብ መሣሪያ መኪናው ላይ አለ፣ ማስመሰል ቀላል አይደለም። የእኛ ሾፌር ግን ባለንብረቱ «ነገ ጠዋት ድረስ» ብሎታል። ስለዚህ ጥፋቱን ሾፌሩ ላይ ብቻ መጫን ልክ አይደለም፤ የሚጠይቅ ባለንብረት፣ የሚያጣድፍ ተሳፋሪም አለ። ስለ አረቄው ብዙ አልልም። ጀርመን ውስጥ አዲስ ሾፌር ለሁለት ዓመት፣ እንዲሁም 21 ዓመት ያልሞላው ሁሉ ጠብታ ጠጥቶ መንዳት አይችልም። «አንድ መለኪያ ያነቃል» የሚባለው ማንንም አላነቃም።

ስለ መብራትና ፍሬቻ ደግሞ አንድ ነገር። እኛ ጋ ፊት ያለው ከባድ መኪና ፍሬቻ ሲያሳይ «እለፍ» ብሎኛል ብሎ ደርቦ የሚቀድም ብዙ ነው። ሰውየው ግን ሊታጠፍ ይሆናል። የፍሬቻው ሕጋዊ ትርጉም እዚህም እዚያም አቅጣጫ መቀየር ነው። ራሳችሁ ያላያችሁትን መንገድ በሌላ ሰው ፍሬቻ አትመኑ። ረጅም መብራትም እኛ ጋ «መጣሁ፣ ቁም» ማለት ነው፣ ጀርመን ውስጥ ግን ብዙ ሰው «ቀድመህ ሂድ» ለማለት ይጠቀምበታል። ወደዚያ የሚሄድ ሰው ይህንን ይወቅ። ደግሞም የኢትዮጵያ መንጃ ፍቃድ እዚያ ኑሮ ከጀመሩ በኋላ የሚያገለግለው 6 ወር ብቻ ነው። ከዚያ የጽሑፍም የተግባርም ፈተና አለ፣ አማርኛ ደግሞ ከፈተናው ቋንቋዎች ውስጥ የለም።

መኪና ሲበላሽ ቅጠል ዘርግቶ ድንጋይ ደርድሮ መሄድ «ምልክት» ነው የሚባለውም ግማሽ እውነት ነው። ቅጠሉ ቀን ይታያል፣ ማታ አይታይም። ድንጋዩ ደግሞ መኪናው ተጠግኖ ከሄደ በኋላ እዚያው ይቀራል፣ ሌሊት ባለ ሞተር ሳይክሉን ይገለብጠዋል። የሚያንጸባርቀውን ሦስት ማዕዘን ግዙ። መቶ ሜትር ያህል ወደ ኋላ አቁሙት፣ ስትሄዱም ያስቀመጣችሁትን ሁሉ አንሡ።

በመጨረሻ «የተጎዳ ያነሳ ሰው ጣጣ ውስጥ ይገባል» የሚለው ፍርሃት። ጀርመን ውስጥ መንጃ ፍቃድ የሚጠይቅ ሁሉ የመጀመሪያ ሕክምና ዕርዳታ ኮርስ ይወስዳል፣ መርዳት እየቻለ ያለፈ ሰውም እስከ አንድ ዓመት ሊታሰር ይችላል። የእኛም የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 575 መርዳት እየቻለ ያልረዳን ሰው ይቀጣል። የሚያስጠይቀው ማለፉ ነው። ደም የሚፈሰውን ቦታ በንጹሕ ጨርቅ አጥብቃችሁ ያዙ፣ አንገቱ ወይም ጀርባው የተመታ ከመሰላችሁ እሳት ወይም ሌላ አደጋ ካልመጣ በቀር አትጎትቱት፣ አንድ ሰው ወደ ኋላ ሄዶ የሚመጣውን መኪና ያስቁም። ገንዘብ የለውም ብላችሁም አትዘግዩ፤ የሦስተኛ ወገን መድን አዋጅ ቁጥር 799/2005 የተጎዳ ሰው አስቸኳይ ሕክምና እንዲያገኝ ይደነግጋል፣ የገጨው መኪና መድን ይኑረው አይኑረው።