ተማሪ በራሱ ሞባይል ሲማር፦ አሰራሩ፣ ወጪውና ጣጣው

ትምህርት ቤት ኮምፒውተር ገዝቶ ከማደል ይልቅ ተማሪው ቤቱ ያለውን ስማርትፎን፣ ታብሌት ወይ ላፕቶፕ ይዞ መጥቶ ክላስ ውስጥ እንዲማርበት መፍቀድ አሁን በብዙ አገር የሚሰራበት ነገር ነው፣ ቢዋይኦዲ በሚል አጭር ስም ይታወቃል፣ «የራስህን መሳሪያ ይዘህ ና» እንደ ማለት ነው። የተጀመረው ግን ትምህርት ቤት ሳይሆን መስሪያ ቤት ነው። ሰራተኛው የራሱን ስልክና ላፕቶፕ ይዞ ቢሮ መግባት ሲያበዛ የአይቲ ክፍሎች መጀመሪያ ሊከለክሉ ሞከሩ፣ አልሆነላቸውም፣ ከዛ ህግ አወጡለትና ፈቀዱት፤ የኮምፒውተር ቺፕ አምራቹ ኢንቴል በ2009 አካባቢ ነገሩን ቀድመው በግልጽ ከተቀበሉት አንዱ ነው (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ትምህርት ቤቶችም በዛው መንገድ ነው የመጡት፣ ከለከሉ፣ ልጆቹ በቦርሳ ደብቀው አስገቡ፣ አንዳንዱ ትምህርት ቤት ደግሞ ከገባ አይቀር ስራ ይስራበት አለ።

አይነቱ ብዙ ነው። አንዳንዱ ትምህርት ቤት ያላችሁን ይዛችሁ ኑ ይላል፣ አንዳንዱ ቢያንስ ይሄን ያህል ስክሪንና ሜሞሪ ያለው ይሁን ብሎ ልክ ያስቀምጣል፣ አንዳንዱ ደግሞ ሞዴሉን ሳይቀር መርጦ ወላጅ እንዲገዛ ያደርጋል፣ ይሄኛው የራስህን አምጣ ከማለት ይልቅ የመማሪያ መጽሐፍ ግዛ ወደ ማለት ይጠጋል።

ሃሳቡ ቶሎ የተወደደበት ምክንያት ገንዘብ ነው። ከዛ በፊት የነበረው ህልም ለእያንዳንዱ ተማሪ አንድ አንድ መሳሪያ መስጠት ነበር። በ2005 ይፋ የሆነው «አንድ ላፕቶፕ ለአንድ ልጅ» የሚባለው ፕሮጀክት በ100 ዶላር ላፕቶፕ እንሰራለን ብሎ ተነሳ፣ ዋጋው ግን እዛ አልወረደለትም። ሎስ አንጀለስ ደግሞ በ2013 ለተማሪዎቿ በሙሉ አይፓድ ልስጥ ብላ ስትጀምር ልጆቹ ብዙም ሳይቆዩ የተጫነባቸውን መቆለፊያ አልፈው የፈለጉት ሳይት ላይ መግባት ጀመሩ፣ በቀጣዩ ዓመት ውሉ እንዲቆም ተደረገ። ይሄን ያየ ርዕሰ መምህር የልጆቹ ኪስ ውስጥ ያለውን ስልክ አይቶ «ይሄ እያለ እኔ ለምን እገዛለሁ» ቢል አይፈረድበትም። ሲበላሽ የሚያሰራው ቤተሰብ ነው፣ አፕዴት ሚያደርገው ልጁ ራሱ ነው፣ አጠቃቀም ለማስተማርም ጊዜ አይባክንም ምክንያቱም ልጁ ስልኩን ከአስተማሪው በላይ ያውቀዋል።

ስሌቱ ላይ ላዩን ሲታይ ልክ ነው። ግን ወጪው አይጠፋም፣ ኪስ ነው ሚቀይረው። ከፊሉ ወደ ኔትወርክ ይሄዳል፣ ከፊሉ ወደ አስተማሪው ጊዜ፣ ትልቁ ደግሞ ወደ ወላጅ።

ከኔትወርኩ እንጀምር። አንድ ክላስ ውስጥ 40 ልጅ በአንዴ «አሁን ሊንኩን ክፈቱ» ሲባል ለቤት ተብሎ የተሰራ ራውተር ወዲያው ይንገዳገዳል፣ ቪዲዮ ከሆነማ በቃ ክበቡ ሲዞር እያዩ ግማሽ ፔሬድ ያልፋል። ስለዚህ ብዙ ተጠቃሚ የሚችሉ አክሰስ ፖይንቶች (ዋይፋይ የሚያሰራጩ መሳሪያዎች) በየክፍሉ ወይ በየሁለት ክፍሉ ያስፈልጋሉ። በዛ ላይ የተማሪዎቹ ስልክ የሚገናኝበት ኔትወርክ ውጤትና የተማሪ ፋይል ካለበት ኔትወርክ መለየት አለበት፣ ምክንያቱም ትምህርት ቤቱ በማያውቀው ስልክ ላይ ምን ቫይረስ እንዳለ ማንም አያውቅም። ያልተፈለጉ ሳይቶችን የሚዘጋ ፊልተርም ይገጠማል፣ ግን እዚህ ላይ ብዙ ሰው ሚረሳው ነገር አለ፣ ልጁ ዋይፋዩን አጥፍቶ በራሱ ሲም ዳታ ከገባ የትምህርት ቤቱ ፊልተር ለሱ የለም ማለት ነው፣ ፊልተር ማለፊያ የሆነው ቪፒኤን እንኳን አያስፈልገውም።

ኢንተርኔት ደካማ በሆነበት ቦታ ደግሞ የተሻለ መላ አለ። ኮሊብሪና ኪዊክስ የሚባሉት ነጻ ሶፍትዌሮች እንደ ራስፕበሪ ፓይ ባለ ትንሽ ኮምፒውተር ላይ ይጫናሉ፣ የትምህርት ቪዲዮዎች፣ ልምምዶች፣ ዊኪፔዲያ ሳይቀር ቀድመው ይወርዱበታል፣ ከዛ ተማሪዎቹ ውጪ ካለው ኢንተርኔት ጋር ምንም ሳይገናኙ በክፍሉ ዋይፋይ ብቻ በስልካቸው ይከፍቱታል። ዳታ አይበላም፣ ቲክቶክም የለም። ለኔ ሁለተኛው ጥቅም ከመጀመሪያው አያንስም።

ባትሪም ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። ጠዋት ሙሉ የነበረ አሮጌ ስልክ ከሰዓት በኋላ ያለው ፔሬድ ላይ ሲደርስ ይዘጋል፣ ሶኬት ደግሞ ክላሱ ውስጥ ቢበዛ ሁለት ነው።

አሁን ወደ ዋናው፣ ማለትም ክላስ ውስጥ ምን ይሰራበታል ወደሚለው። ብዙ አስተማሪ የሚጀምረው በጥያቄና መልስ ጨዋታ ነው። ካሁት የሚባለው ኖርዌይ ውስጥ ተሰርቶ በ2013 የወጣው በጣም ታዋቂው ነው፣ ጥያቄው ፕሮጀክተር ላይ ይወጣል፣ የተማሪው ስልክ ላይ አራት ባለቀለም ቁልፍ ብቻ ይታያል፣ ቶሎና ልክ የመለሰ ብዙ ነጥብ ያገኛል። ክላሱ ይሞቃል፣ አስተማሪውም የትኛው ጥያቄ ላይ አብዛኛው ልጅ እንደሳተ እዛው ያያል፣ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። ግን ስልኩን እንደ ቁልፍ ብቻ መጠቀም ነው፣ ልጁም ከማሰብ ይልቅ ለመፍጠን ይሽቀዳደማል። በነገራችን ላይ ለዚህ አይነቱ ስራ የተማሪ ስልክ ጭራሽ ላያስፈልግ ይችላል፣ ፕሊከርስ የሚባለው አፕ ላይ ተማሪዎቹ የታተመ ካርድ ይሰጣቸዋል፣ ካርዱን ኤ፣ ቢ፣ ሲ ወይ ዲ ወደ ላይ እንዲሆን አዙረው ያነሳሉ፣ አስተማሪው በራሱ አንድ ስልክ ካሜራ ክፍሉን ሲቃኝ የሁሉም መልስ ይመዘገብለታል።

ስልኩ እውነት ሌላ ነገር ሊተካው የማይችል የሚሆነው መለኪያ ሲሆን ነው። እያንዳንዱ ስማርትፎን ውስጥ ማይክሮፎን፣ ካሜራና አክስለሮሜትር (የፍጥነት ለውጥ መለኪያ) አለ፣ በርካታዎቹ ላይ ደግሞ ጋይሮስኮፕ (የመሽከርከር መለኪያ)፣ ማግኔት መለኪያ፣ የተወሰኑት ላይም የአየር ግፊት መለኪያ አለ። ፋይፎክስ የሚባል ነጻ አፕ አለ፣ ጀርመን አኸን ያለው የቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ በ2016 ያወጣው፣ እነዚህን ሴንሰሮች በቀጥታ ያነብና ግራፍ ያወጣል። ስልኩን በገመድ አንጠልጥሎ ማወዛወዝና ከአንድ ዙር ጊዜው ተነስቶ የመሬት ስበትን ማስላት ይቻላል። ይበልጥ ሚገርመው የድምጽ ፍጥነት ልኬቱ ነው፦ ሁለት ስልክ በ5 ሜትር ርቀት ይቀመጣሉ፣ ሁለቱም ላይ በድምጽ የሚነሳና የሚቆም ስቶፕዋች ይከፈታል፣ መጀመሪያ አንደኛው ስልክ ጋ ያለው ልጅ ያጨበጭባል፣ ሁለቱም መቁጠር ይጀምራሉ፣ ቀጥሎ ሁለተኛው ጋ ያለው ያጨበጭባል፣ ሁለቱም ይቆማሉ። ድምጹ ለመድረስ ጊዜ ስለሚፈጅበት የሁለቱ ስልኮች ቁጥር እኩል አይሆንም፣ ልዩነቱ ድምጹ 10 ሜትር ለመሄድ የፈጀበት ጊዜ ነው፣ 0.03 ሴኮንድ ገደማ ይመጣል፣ 10ን ለሱ ስታካፍሉ 340 ሜትር በሴኮንድ አካባቢ ታገኛላችሁ። ይሄን ያለ ስልክ ለመስራት ላብራቶሪ ሊኖር ይገባ ነበር። ደግሞ ለዚህ ስራ እያንዳንዱ ተማሪ ስልክ እንዲኖረው ግድ አይደለም፣ ለአራት ለአምስት ልጅ አንድ ቡድን ሁለት ስልክ ይበቃል፣ እንደውም በቡድን ሲሆን ክርክሩ ይደምቃል።

ሂሳብ ላይ ጂኦጀብራ የሚባል አፕ አለ፣ ቁጥሩን በጣት እየጎተቱ ግራፉ ሲታጠፍ ማየት ነው። ባዮሎጂ ላይ ቅጠልና ነፍሳት ፎቶ አንስቶ መለየት፣ ቋንቋ ላይ የራስን ድምጽ ቀድቶ መስማትና ማረም፣ ስፖርት ላይ ዝላዩን በስሎው ሞሽን ቀርጾ ማየት፣ እንዲህ እንዲህ እያለ ይቀጥላል። ማየት ለተሳነው ተማሪ ደግሞ ስልኩ የግሉ መሆኑ ራሱ ትልቅ ነገር ነው፣ ስክሪኑ ላይ ያለውን ጮክ ብሎ የሚያነብለት ቮይስኦቨር ወይ ቶክባክ በራሱ ፍጥነትና ልማድ ተስተካክሎለታል፣ የትምህርት ቤት ታብሌት በተሰጠው ቁጥር ሁሉንም ከዜሮ ማስተካከል የለበትም።

ይሄ ሁሉ ጥሩ ሆኖ ግን ሃሳብ መበታተን የሚባለውን ጉዳይ ቀለል አድርጎ ማለፍ አይቻልም። ካናዳ ውስጥ በ2013 የወጣ ጥናት ላይ ሌክቸር እየሰሙ ላፕቶፓቸው ላይ ሌላ ነገር ሲሰሩ የነበሩት ፈተናው ላይ ዝቅ ያለ ውጤት አመጡ፣ ይሄ የሚጠበቅ ነው፣ ግን የነሱ ስክሪን ከፊታቸው የሚታያቸው ሌሎች ተማሪዎችም ውጤታቸው ወረደ። ስለዚህ «ካልፈለገ ራሱን ይጉዳ» የሚለው አባባል እዚህ ላይ አይሰራም። በ2015 ደግሞ ከእንግሊዝ አራት ከተሞች የተሰበሰበ መረጃ ስልክ የከለከሉ ትምህርት ቤቶች ውስጥ ውጤት ከፍ እንዳለ አሳየ፣ በተለይ ደካማ በሚባሉት ተማሪዎች ላይ፣ ጎበዞቹ ላይ ግን ለውጥ አልታየም። ስዊድን ውስጥ በተመሳሳይ መንገድ ያጠኑት ግን በ2020 ይሄ ነው የሚባል ለውጥ አላገኙም። የእንግሊዙና የስዊድኑ ጥናቶች ስልክ ትምህርት ቤት ውስጥ ቢከለከል ምን ይሆናል ብለው ነው የጠየቁት፣ አስተማሪው አቅዶ ለ15 ደቂቃ ካስወጣውና መልሶ ካስገባው ምን ይሆናል የሚለው ሌላ ጥያቄ ነው፣ ሁለቱ ጥያቄዎች ደግሞ ኢንተርኔት ላይ ሁሌ ተቀላቅለው ነው ሚቀርቡት።

በተግባር ብዙ ቦታ የሚሰራው ዘዴ በቀለም ነው። ሰሌዳው ጥግ ላይ ቀይ ካለ ስልክ ቦርሳ ውስጥ፣ ቢጫ ካለ ዴስክ ላይ በፊቱ ተደፍቶ፣ አረንጓዴ ካለ በእጅ። ቀላል ይመስላል ግን አስተማሪው በየደቂቃው መጨቃጨቅን ያስቀርለታል። ከዛ ውጪ ወላጅና ተማሪ የሚፈርሙበት ወረቀት አለ፣ እሱ ላይ ስልኩ ቢሰበር ወይ ቢጠፋ ተጠያቂው ማነው (አብዛኛውን ጊዜ ትምህርት ቤቱ እጁን ታጥቦ ቤተሰቡ ላይ ይጥለዋል)፣ ሳያስፈቅዱ ሰው መቅረጽና ፎቶ ማንሳት እንዴት ይቀጣል፣ አስተማሪ የተማሪን ስልክ ከፍቶ ማየት ይችላል ወይ የሚሉት በግልጽ ካልተጻፉ፣ ኋላ ላይ ጸብ ነው። አንዳንድ ትምህርት ቤት ስልኩን ከርቀት የሚቆጣጠር ሶፍትዌር ካልጫናችሁ ይላል፣ እዚህ ላይ ወላጅ እምቢ ቢል እውነት አለው፣ የግል ስልክ ነው፣ ማታ ቤትም አብሮ ነው ያለው። ነጻ የሚባሉት አፖችም ኢሜይልና የትውልድ ቀን ሲጠይቁ ዝም ብሎ መስጠት የለም፣ የአሜሪካ ህግ ከ13 ዓመት በታች ካሉ ልጆች መረጃ ለመሰብሰብ የወላጅ ፈቃድ ያስፈልጋል ይላል፣ አውሮፓም ከ2018 ጀምሮ የራሱ ጥብቅ ህግ አለው። አካውንት ሳይከፍቱ በኮድ ብቻ የሚገባባቸውን መምረጥ ነው የሚሻለው።

ስለ ክልከላ ህጎች ሲወራ ብዙ ሰው ይሄ አሰራር ያበቃለት ይመስለዋል። ፈረንሳይ በ2018 ስልክን ከአንደኛና ከመለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ በህግ ከለከለች፣ ኔዘርላንድስ ከ2024 መጀመሪያ ክላስ ውስጥ አይግባ አለች፣ ብራዚል በ2025 ተከተለች። ግን ደንቦቹን ያነበበ ሰው ሶስቱም ላይ አንድ በር ክፍት ሆኖ ያገኛል፣ አስተማሪው ለትምህርት ከፈለገው ይፈቀዳል። የተከለከለው ያለስራ የሚወጣው ስልክ ነው። ዩኔስኮም በ2013 ባወጣው መመሪያ ስልክን በጅምላ መከልከል አይበጅም ብሎ ነበር፣ በ2023 ሪፖርቱ ደግሞ ቴክኖሎጂ ለትምህርት በግልጽ ሲጠቅም ብቻ ይግባ ወደሚል ዞረ። ኒውዮርክ ከሁሉም በላይ ትገርማለች፣ ከተማዋ የነበራትን ክልከላ በ2015 አነሳች፣ ከአስር ዓመት በኋላ ግዛቱ በሙሉ ከጠዋት ደወል እስከ መውጫ ደወል ከለከለ።

ቀሪው የወላጅ ኪስ ጉዳይ ነው። አንድ ክፍል ውስጥ አዲስ አይፎን የያዘ፣ ስክሪኑ የተሰነጠቀ አሮጌ አንድሮይድ የያዘና ምንም የሌለው ልጅ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። አፑ አሮጌው ላይ አይከፍትም፣ ሜሞሪ ሞልቷል፣ የሌለው ልጅ ደግሞ «ስልኬን ረሳሁት» ማለት ይለምዳል። በደንብ ያሰቡበት ትምህርት ቤቶች የሚያውሱት ጥቂት መሳሪያ ያስቀምጣሉ፣ ማን እንደተዋሰም ለሌላው እንዳይታወቅ በላይብረሪ በኩል ይሰጣሉ፣ አስተማሪዎቹም ስራውን በቡድን ያደርጉታል፣ የቤት ስራ ደግሞ ያለ ስልክም መሰራት የሚችል ይሆናል።

አሰራሩን እስከ ብሔራዊ ፈተና ድረስ የወሰደችው ፊንላንድ ናት። የሁለተኛ ደረጃ መልቀቂያ ፈተናዋን ከ2016 ጀምሮ በየትምህርቱ ወደ ኮምፒውተር እያዞረች በ2019 ሙሉ በሙሉ ዲጂታል አደረገችው፣ ተማሪው የራሱን ላፕቶፕ ይዞ ይመጣል፣ ያኔ ከዩኤስቢ ፍላሽ ላይ በሊኑክስ (ነጻ ኦፐሬቲንግ ሲስተም) የተሰራ የፈተና ሲስተም ያስነሳ ነበር፣ ላፕቶፑ ውስጥ ያሉት የራሱ ፋይሎች አይከፈቱም፣ ኢንተርኔት የለም፣ ግንኙነቱ ፈተናው ክፍል ካለው ሰርቨር (ፈተናውን ከሚያሰራጨው ኮምፒውተር) ጋር ብቻ ነው። ቴክኒኩ ሰራ። ግን ላፕቶፑን የሚገዛው ቤተሰብ ነበርና በ2021 የግዴታ ትምህርት እስከ 18 ዓመት ሲራዘም ህጉ ላፕቶፑንም ከመማሪያ መጽሐፍ ጋር በነጻ ከሚሰጡት ውስጥ አስገባው።