ለራስ መጻፍ በሐረርና በድሬዳዋ

የግል ማስታወሻ መያዝ ሰው የዋለበትን፣ የተሰማውንና ውስጡን የከነከነውን ለራሱ ብቻ ብሎ የሚያሰፍርበት ልማድ ነው። በአጀንዳ ይጻፍ በተማሪ ደብተር ለውጥ የለውም፤ ቁም ነገሩ ጸሐፊውና አንባቢው አንድ ሰው መሆናቸው ነው።

ሐረር ለጽሕፈት እንግዳ አይደለችም። በጀጎል ግንብ ውስጥ ለዘመናት ቁርኣንና ሌሎች የሃይማኖት መጻሕፍት በእጅ ተገልብጠዋል፣ በቆዳም ተደጉሰዋል፤ የሸሪፍ ሙዚየም ዛሬም የእነዚህን ጥራዞች ሰፊ ክምችት ይዟል። ይሁንና ያ ጽሕፈት የእምነትና የሕግ እንጂ የገልባጩ የልብ ጉዳይ አልነበረም። በደጋው ቤተ መንግሥትም የዜና መዋዕል ጸሐፊ የሚከትበው የንጉሡን ዘመቻ እንጂ የራሱን ሐዘን አይደለም። ራስን መመርመር መንገዱ ሌላ ነበር። በሱፊዎች ትምህርት ሰው ሥራውን ከነፍሱ ጋር የሚተሳሰብበት ሙሐሰባ አለ፤ ክርስቲያኑም ለንስሐ አባቱ ይናዘዛል።

ግጥሙን ትቶ እ.ኤ.አ. ከ1880 ጀምሮ እየሄደ እየተመለሰ በሐረር የነገደው ፈረንሳዊው አርተር ራምቦ ለዚህ ጉዳይ ጥሩ ማነጻጸሪያ ትቶልናል። በ1891 ኤፕሪል ወር ጉልበቱ አብጦ መራመድ ሲሳነው፣ 16 ሰዎች በቃሬዛ ተሸክመው አሥራ ሁለት ቀን ያህል ተጉዘው የባሕር ወደቡ ዘይላ አደረሱት። በመንገድ ላይ የያዘው አጭር ማስታወሻ የመነሻና የመድረሻ ሰዓት፣ ያደሩበት ቦታ ስም፣ የዝናብ ወሬ ነው፤ ስለ ፍርሃቱ የሚነግረን እምብዛም ነው። ለእናቱና ለእህቱ በላካቸው ደብዳቤዎች ግን መሰላቸቱንና ብቸኝነቱን ያለ ይሉኝታ ይዘረግፋል። እጁ አንድ ነው፤ ጽሑፉ ግን ሁለት ዓይነት።

ይህ ልዩነት ለጤናም ይተርፋል። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ጄምስ ፔኔቤከርና ሳንድራ ቢል እ.ኤ.አ. በ1986 ባሳተሙት ጥናት ተማሪዎችን ለአራት ተከታታይ ቀናት፣ በየቀኑ 15 ደቂቃ አስጻፉ። አንዳንዱ ስለ ተራ ነገር፣ አንዳንዱ የደረሰበትን ክፉ ነገር ድርጊቱን ብቻ፣ አንዳንዱ ስሜቱን ብቻ፣ የቀረው ሁለቱንም አጣምሮ ጻፈ። በቀጣዮቹ ወራት ወደ ተማሪዎች ክሊኒክ መመላለሳቸው የቀነሰው ሁለቱን ያጣመሩት ናቸው። የሚገርመው፣ ጽፈው እንደጨረሱ የከፋቸውም እነሱ ነበሩ። ኋላ የተደረጉ ጥናቶች ደግሞ ይበልጥ የተጠቀሙት በየቀኑ አንድ ዓይነት ምሬት የደጋገሙት ሳይሆኑ፣ ቀን በቀን «ምክንያቱም» እና «አሁን ገባኝ» የሚሉ ዓይነት ቃላት የበዙላቸው መሆናቸውን አሳይተዋል። ስለዚህ ዋናው መተንፈሱ አይመስለኝም፤ የተበታተነውን ነገር መነሻና መድረሻ ያለው ታሪክ ማድረጉ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ የ146 ጥናቶች ግምገማ ጥቅሙ እውነተኛ፣ በአማካይ ግን አነስተኛ መሆኑን አሳይቷል። ተአምር የሚጠብቅ ያፍራል።

በእነዚህ ሁለት ከተሞች የሚቸግረው ብዕር ሳይሆን ብቻ የመሆኛ ስፍራ ነው። የሐረሪ ቤት ነደባ (መደብ) ሰው ተሰብስቦ የሚቀመጥበት ነው፤ ሠርጉም ሐዘኑም እንደ ዕድር ባለው መረዳጃ ማኅበር፣ በአፎቻ ይከወናል። በ1895 ዓ.ም. ከባቡሩ ጋር በተቆረቆረችው ድሬዳዋም ሙቀቱ በረድ ሲል ሰው ወደ ደጅ ይወጣል፤ ቡናውም በርጫውም የጨዋታ ነው። ጭንቀት በሰው መሃል እንደሚቀል አልክድም። ሆኖም በዚያ ጉባኤ የማይነሳ ጉዳይ አለ፦ የትዳር ቅሬታ፣ በወንድም ላይ ያደረ ቅናት፣ ሆድ ይፍጀው ተብሎ የታለፈ በደል። ደብተር የሚያገለግለው ለዚህ ነው። ቤተሰብ እጅ ከገባ ግን ከበደሉ የከፋ ጠብ ሊያስነሳ ስለሚችል፣ ጽፎ ወዲያው መቅደድም ያስኬዳል፤ በይለፍ ቃል የተቆለፈ ስልክም ሌላው አማራጭ ነው።

በድሬዳዋ አንድ ሰው በአንድ ቀን አማርኛ፣ ኦሮምኛና ሶማልኛ ሊናገር ይችላል፤ ለራሱ ሲጽፍ አንዱን ብቻ እንዲመርጥ የሚያስገድደው የለም። ቁጣው በመጣበት ቋንቋ ይጻፍ። ፔኔቤከርም ለተሳታፊዎቹ ስለ ፊደል ግድፈትና ስለ ሰዋስው እንዳይጨነቁ ይነግራቸው ነበር።

ትኩስ ሐዘን ግን ሌላ ነው። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ድሬዳዋን የሚያቋርጠው የደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰዎች ሲገድል፣ ለተረፉት መጀመሪያ የሚያስፈልጋቸው መጠለያና ሰው እንጂ ብዕር አልነበረም። ፔኔቤከር ራሱ ከከባድ አደጋ በኋላ ወዲያው ወደ መጻፍ ከመግባት ጥቂት ሳምንታት መቆየትን ይመክራል፤ እየጻፉ ከአቅም በላይ ከሆነም ርዕስ መቀየር ወይም ማቆም ነው። እንቅልፍ እየጠፋ፣ ራስን የመጉዳት ሐሳብ እየበረታ ከሄደ ደብተሩን አጥፎ ወደ ሐኪም መሄድ ይገባል።