ቤት ለሚገዛ ሰው የቅርብ ጊዜ የሽያጭ ዋጋ ማፈላለግ

ቤት ሊገዛ የተነሳ ሰው መጀመሪያ ዓይኑ የሚያርፈው ሻጩ በጠራው ዋጋ ላይ ነው። ይህ ግን የሻጩ ፍላጎት እንጂ ገበያው የቆረጠው ዋጋ አይደለም። ለገዢ የሚጠቅመው በዚያው አካባቢ፣ በሚመሳሰል ቤት ላይ፣ በቅርቡ በእርግጥ የተከፈለው ገንዘብ ነው። ከሁለቱ ሌላ ባንክ ለብድር ወይም ማዘጋጃ ቤት ለዓመታዊ ግብር የሚያወጣው ግምት አለ። ለግብር የወጣ ግምት ለዓመታት ሳይታደስ ሊቆይ ስለሚችል፣ ከገበያው በብዙ ርቆ ቢገኝ አያስደንቅም። ሦስቱ ዋጋዎች አንድ መስለው ስለሚነገሩ፣ ገዢ አንድ ቁጥር ሲሰማ የትኛው እንደሆነ አስቀድሞ መለየት አለበት።

የሽያጭ ዋጋ አብዛኛውን ጊዜ የሚመዘገበው ለገዢ ተብሎ አይደለም። መንግሥት ግብር ለመሰብሰብ፣ ባለቤትነትን ለማረጋገጥ ወይም ለሌላ ሥራው ሲል ይመዘግባል፤ ገዢው የሚደርሰው ከዚያ ሥራ የተረፈው መረጃ ነው። አንድ አገር መዝገቡን ክፍት ማድረጉ፣ ሌላው መዝጋቱ፣ አንዱ ቶሎ ሌላው ዘግይቶ ማውጣቱ በአመዛኙ የሚመጣው ከዚህ ነው።

መዝገቡ የት ይገኛል

ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። በእንግሊዝና በዌልስ የመሬት መዝገብ መሥሪያ ቤት ከ1995 ጀምሮ የተሸጡ ቤቶችን አድራሻ፣ የተከፈለውን ዋጋና የሽያጩን ቀን በነፃ ያወጣል። ማንም ሰው የመንገዱን ስም አስገብቶ ጎረቤቱ ቤቱን በስንት እንደገዛ ማየት ይችላል። በአየርላንድ ሪፐብሊክ ተመሳሳይ መዝገብ ከ2010 መጀመሪያ አንስቶ የተፈጸሙ ግዢዎችን ይዟል፤ ምንጩም ገዢዎች የቴምብር ቀረጥ ሲከፍሉ ያስታወቁት ዋጋ ነው። ፈረንሳይ መረጃዋን ለሕዝብ የከፈተችው በ2019 ሲሆን፣ የሚታየው ያለፉት አምስት ዓመታት ሽያጭ ነው። በምሥራቅ ፈረንሳይ ያሉት አልዛስና ሞዜል ግን የተለየ የመሬት መዝገብ ሥርዓት ስላላቸው እዚያ ውስጥ የሉም።

ደቡብ ኮሪያ ውስጥ ተዋዋዮች እውነተኛውን የሽያጭ ዋጋ እንዲያሳውቁ ከ2006 ጀምሮ በሕግ ተደንግጓል። የማሳወቂያው ጊዜ 60 ቀን ነበር፤ በ2020 ወደ 30 ቀን አጠረ። የሚቆጠረው ውል ከተፈረመበት ቀን ስለሆነ ለገዢ ከሚጠቅሙት መዝገቦች አንዱ ይመስለኛል። ጀርመን ሌላ መንገድ ይዛለች። ውል የሚያጸድቁ ኖተሮች የእያንዳንዱን ሽያጭ ቅጂ ለየአካባቢው የገማቾች ኮሚቴ ይልካሉ፤ ኮሚቴው ከዚያ ተነስቶ ለየሰፈሩ የመሬት መነሻ ዋጋ ያወጣል። መነሻ ዋጋውን ማንም ያያል፤ የእያንዳንዱ ቤት ዋጋ ግን እንደዚያ በቀላሉ አይገኝም።

አሜሪካ ውስጥ ሁሉንም የሚያጠቃልል የፌዴራል መዝገብ የለም። የባለቤትነት ሰነዶች የሚቀመጡት በየካውንቲው (ከግዛት በታች ባለው አስተዳደር) ሲሆን፣ ቴክሳስን፣ ዩታንና አይዳሆን በመሳሰሉ ግዛቶች ገዢ የከፈለውን ዋጋ ለሕዝብ እንዲገልጽ አይገደድም። በእነዚህ ቦታዎች ዋጋው በዋናነት የሚገኘው በደላሎች የጋራ የሽያጭ መዝገብ ውስጥ ነው፤ ገዢም በደላላው በኩል ይጠይቃል። በሌሎች ግዛቶች ዋጋው ባይጻፍም ከስም ማዛወሪያው ግብር ወደኋላ ማስላት ይቻላል። ለምሳሌ በካሊፎርኒያ መደበኛው የካውንቲ ግብር በየ1,000 ዶላሩ 1.10 ዶላር ስለሆነ፣ በሰነዱ ላይ 550 ዶላር ግብር ከታየ ቤቱ የተሸጠው በ500,000 ዶላር ገደማ ነው ማለት ነው። አንዳንድ ከተሞች የራሳቸውን ግብር ስለሚጨምሩ ይህን ስሌት የሚጠቀም ሰው የከተማውን ተመን አስቀድሞ ማወቅ አለበት።

የዋጋው ዕድሜ

“የቅርብ ጊዜ” የሚለው ቃል ብዙ ገዢ ያሳስታል። ሻጭና ገዢ በዋጋ ይስማማሉ፤ ከዚያ የብድርና የሕግ ጉዳይ ያልቃል፣ ርክክብ ይፈጸማል፣ ስም ይዛወራል፣ በመጨረሻም መዝገቡ ይወጣል። በእንግሊዝ መዝገብ ላይ የሚጻፈው ቀን ርክክቡ የተፈጸመበት እንጂ በዋጋ የተስማሙበት አይደለም፤ ምዝገባው ደግሞ ከዚያ በኋላ ሳምንታት አንዳንዴም ወራት ይወስዳል። ስለዚህ ዛሬ አዲስ ሆኖ የወጣ ቁጥር የግማሽ ዓመት ወይም ከዚያ በፊት የነበረን ድርድር ሊያሳይ ይችላል። ገበያው በተረጋጋበት ጊዜ ይህ ብዙ ለውጥ አያመጣም። የወለድ ምጣኔ በፍጥነት በተለወጠበት ዓመት ግን መዝገቡን ብቻ አምኖ ዋጋ የሚያቀርብ ሰው ያለፈ ገበያ ላይ ይደራደራል።

ይህን ክፍተት ለማጥበብ የቤት ዋጋ አመልካች፣ ማለትም የቤት ዋጋ ከአንድ መነሻ ጊዜ ወዲህ ምን ያህል እንደወጣ ወይም እንደወረደ የሚያሳይ ቁጥር ይጠቅማል። አንድ ቤት አመልካቹ 100 በነበረበት ወር በ2,000,000 ተሽጦ ከሆነና ዛሬ አመልካቹ 104 ከደረሰ፣ የዛሬ አቻው 2,080,000 ገደማ ይሆናል። እዚህ ላይ ተራ አማካይን መጠቀም አይመከርም፤ በአንድ ወር ውስጥ ትልልቅ ቤቶች በብዛት ከተሸጡ አንድም ቤት ሳይወደድ አማካዩ ይወጣል። በ1963 ቤይሊ፣ ሙትና ኖርስ የተባሉ ተመራማሪዎች ያቀረቡት፣ በኋላም ኬዝና ሺለር ያሻሻሉት ዘዴ ያንኑ አንድ ቤት በተሸጠባቸው ሁለት ጊዜያት መካከል እያነጻጸረ ይህን ስህተት ይቀንሳል።

መዝገቡ የማይናገረው

በመዝገቡ ላይ ያለ ዋጋ ሁሉ የገበያ ዋጋ አይደለም። አባት ለልጁ በቅናሽ የሸጠው፣ ባልና ሚስት ሲለያዩ የተላለፈ ድርሻ፣ ባንክ በዕዳ ይዞ በሐራጅ ያወጣው፣ ብዙ አፓርታማ በአንድ ውል የተገዛበት ሁሉ በአንድ ዝርዝር ውስጥ ሊገኙ ይችላሉ። የአየርላንዱ መዝገብ ከሙሉ የገበያ ዋጋ በታች የተሸጠውን ምልክት ያደርግበታል፤ የአዳዲስ ቤቶችን ዋጋ ደግሞ ያለተጨማሪ እሴት ታክስ ያሰፍራል። ይህን ያላወቀ ሰው አዲስ ቤት የረከሰ ይመስለዋል። አልሚዎች ዋጋ ላለመቀነስ ሲሉ የቤት ዕቃ ወይም የመኪና ማቆሚያ በነፃ ሲጨምሩም በመዝገብ የሚቀረው ሙሉው ዋጋ ነው።

ከሁሉም የሚከብደው በውሉ ላይ የተጻፈውና በእጅ የተከፈለው ሲለያይ ነው። የስም ማዛወሪያ ግብር ከባድ በሆነበት ቦታ ተዋዋዮች ዋጋውን አሳንሰው የመጻፍ ፍላጎት ያድርባቸዋል። እንዲህ ባለ ገበያ መዝገቡ ከእውነተኛው ዋጋ በታች ያለውን ወለል ብቻ ያሳያል። ገዢው ራሱ በዚህ ቢስማማ ግን ጉዳቱ የሚተርፈው ለእሱ ነው፤ ክርክር ቢነሳ ከውል ውጭ የሰጠውን ገንዘብ ማስረጃ አያገኝለትም፣ ነገ ሲሸጥም በወረቀት ላይ የሚታየው ትርፍ ስለሚገዝፍ ግብሩ ይከብደዋል።

ማነጻጸር

ቁጥሩ ከተገኘ በኋላ ያለው ሥራ ከማግኘቱ ይበልጣል። የሙያው ገማቾች የሚጀምሩት ሊገዛ ከታሰበው ቤት ጋር በቦታ፣ በስፋት፣ በዕድሜና በይዞታ ዓይነት የሚቀራረቡ ጥቂት ሽያጮችን በመምረጥ ነው። በአንድ ሕንፃ ላይ ያለ፣ አንድ ዓይነት ክፍል አቀማመጥ ያለው አፓርታማ ከተገኘ ከእሱ የተሻለ ማስረጃ የለም፤ ቢሆንም ፎቁ፣ የሚያየው አቅጣጫና የአሳንሰሩ መኖር ዋጋውን ይለዋውጡታል። ልዩነቱ የሚስተካከለው በተሸጠው ቤት ዋጋ ላይ ነው፦ የተሸጠው የመኪና ማቆሚያ ካለውና የታሰበው ከሌለው፣ የማቆሚያው ዋጋ ከሽያጩ ዋጋ ላይ ይቀነሳል። ለእድሳት የወጣ ገንዘብ ግን ሙሉ በሙሉ ወደ ዋጋ አይለወጥም፤ ሻጩ ለወጥ ቤቱ ያወጣውን ደረሰኝ ቢያሳይም ሌላ ገዢ ያንኑ ያህል ላይከፍል ይችላል።

በካሬ ሜትር ማስላት ይረዳል፤ ሁለት ነገሮች ግን መጠንቀቅ ያሻቸዋል። አንደኛው የስፋቱ ልክ ነው። አንዱ ሻጭ በግድግዳዎቹ መካከል ያለውን ብቻ ይለካል፣ ሌላው በረንዳውን አልፎም የደረጃውንና የኮሪደሩን ድርሻ ይጨምራል። ሁለተኛው፣ ትንንሽ ቤቶች በካሬ ሜትር ብዙውን ጊዜ ይወደዳሉ፤ የአንዲት ስቱዲዮን የካሬ ዋጋ ይዞ ባለ ሦስት መኝታ ቤት ላይ ማባዛት ገዢውን ያስወድድበታል።

መዝገብ በሌለበት ወይም በተዘጋበት

የሕዝብ መዝገብ በሌለበት ቦታ ዋጋ የሚሰበሰበው ከሰው ነው። ለባንክ የሚሠሩ ገማቾች፣ ውል የሚያዘጋጁ ጠበቆች፣ በቅርቡ የገዙ የሕንፃው ነዋሪዎች፣ የሐራጅ ውጤቶች ሁሉም አንድ አንድ ማስረጃ ይሰጣሉ። ደላሎች ብዙ ያውቃሉ፤ ግን ክፍያቸው ሽያጩ ሲፈጸም ስለሆነ የሚነግሩት ቁጥር ያላቸውን ጥቅም ይዞ ይመጣል። ስለዚህ “እዚህ በዚህ ዋጋ ተሽጧል” ሲባል የትኛው ቤት፣ በየትኛው ወር፣ ስንት ካሬ ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። ሦስቱን መመለስ የማይችል ደላላ የሰማውን እንጂ የሠራውን ሽያጭ እየተናገረ ላይሆን ይችላል። የማስታወቂያ ዋጋዎችን በየሳምንቱ እየመዘገቡ መከታተልም ይጠቅማል፤ ማስታወቂያው ሲወርድ የመጨረሻው ዋጋ ምን እንደነበር፣ ከመውረዱ በፊት ስንት ጊዜ እንደተቀነሰ ከዚያ ይታወቃል።

በኮምፒውተር የሚወጡ የቤት ዋጋ ግምቶችም የሚሠሩት ከእነዚሁ ሽያጮች ነው። አንድ ዓይነት ቤቶች በብዛት በሚሸጡበት ሰፈር የሚያረካ ውጤት ይሰጣሉ። በዓመት አንድ ሁለት ቤት ብቻ በሚሸጥበት ወይም ቤቶቹ እርስ በርስ በማይመሳሰሉበት ቦታ ግን ግምቱ የቆመበት ማስረጃ የሳሳ ነው። እንዲህ ባለ ቦታ ገዢው ወደ ሁለትና ሦስት ዓመት ሽያጭ ወደኋላ ሄዶ በአመልካች ማስተካከል፣ ወይም የሚመሳሰል አጎራባች ሰፈር መጨመርና ከዋጋ ማቅረቡ በፊት ከሻጩ ወገን ያልሆነ ገማች መቅጠር ይኖርበታል።