ማጀቢያ ዘፈን ምንድን ነው?

ሐዋሳ፣ ፍቅር ሐይቅ ዳር፣ ከአንድ ግጥም ጸሐፊ ጓደኛዬ ጋር ማኪያቶ ይዘን ተቀምጠናል። ስልኩ ላይ የአንድ ደቂቃ ከሃያ ሰከንድ ቪዲዮ አለ። ድምፅ የለውም። አንዲት ልጅ ሐይቅ ዳር ቆማለች፤ ፍቅረኛዋ ሻንጣውን እየጎተተ ይሄዳል። በቃ። «ለዚህች ነው የምጽፈው» አለኝ።

ማጀቢያ ዘፈን ማለት ለፊልሙ ትዕይንት ተብሎ የተሠራ ዘፈን ነው። ቃሉ ራሱ ይናገራል። ሰርግ ላይ አጃቢ የቱንም ያህል ቢጨፍር ለሙሽራው ብሎ ነው። ኦስካርም እ.ኤ.አ. ከ1934 ፊልሞች ጀምሮ ዘፈን ይሸልማል፤ ዛሬ ታዲያ ቀድሞ ገበያ ላይ የነበረ ዘፈን አይቀበልም፤ ለዚያው ፊልም የተጻፈ መሆን አለበት።

አልበም ላይ ታሪኩን የሚነግረን ግጥሙ ነው። ፊልም ላይ ግን ካሜራው ይቀድማል። ጓደኛዬ መጀመሪያ «ሻንጣህን ይዘህ ሄድክ» ብሎ ጽፎ ነበር። ዳይሬክተሩ «ይኼንንማ እያየነው!» አለው። ደግሞ ጻፈ፦ «ጀልባው ቆሞ፣ ሐይቁ ሄደ»። ይቺ አለፈች። በሰምና ወርቅ ላደገ ሰው ነገሩ ግልጽ ነው፤ ሰሙን ምስሉ ያሳያል፣ ወርቁን ግጥሙ ይያዝ።

የባሰው ራስ ምታት ሌላ ነው። ኤዲተሩ ለጊዜው ብሎ የሰው ዘፈን ይለጥፍበታል። ዳይሬክተሩ ደጋግሞ ሲሰማው ይለምደዋል። ከዚያ «እንደሱ ያለ ሥራልኝ» ይላል። እንደሱ ያለው ደግሞ ያው እሱ ነው!

እንጀራ ይሆናል ወይ? ብቻውን፣ እኔ እስካየሁት፣ አይሆንም። ጓደኛዬ ለድምፃውያን ግጥም ይሸጣል፣ ማስታወቂያም ይጽፋል። የፊልሙ ክፍያ አንዴ ተሰጥቶ የሚያልቅ ነው።

ሕጉ ግን ለጸሐፊው አይሰስትም። በቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የደራሲው የኢኮኖሚ መብት፣ ማለትም ከሥራው ገንዘብ የማግኘት መብቱ፣ ዕድሜውን ሙሉ፣ ከሞተ በኋላም 50 ዓመት ይቆያል። መብቱን ለሌላ ማስተላለፍም በጽሑፍ ነው። ጓደኛዬ ይህን የተማረው አንዴ በቃል ተስማምቶ፣ ፊልሙ ሲወጣ መጨረሻው ላይ ስሙን ፈልጎ ካጣው በኋላ ነው።

አሁን ውል ሳይፈረም ከሁለት ስንኝ በላይ አይልክም። ሐይቅ ዳር የቆመችው ልጅ እስካሁን ድምፅ የላትም፤ ፊርማው አልመጣማ።