የብሪታንያ መኮንኖች ጎራዴ፦ የሚወራውና እውነታው

በ19ኛው መቶ ዘመን የብሪታንያ መኮንን ጎራዴውን ከመንግሥት ግምጃ ቤት አይረከብም ነበር። በገዛ ገንዘቡ ከሱቅ ይገዛዋል። ደንቡ የሚወስነው ቅርጹን ብቻ ነው፤ ጥራቱንና ጌጡን የሚወስነው የገዢው ኪስ ነው። ስለነዚህ ጎራዴዎች የሚነገሩት ስህተቶች አብዛኞቹ ይህን ካለማወቅ የመጡ ናቸው። (ዓመታቱ ሁሉ በጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ናቸው።)

«ስለቱ ላይ ስሙ የተጻፈው ሰው ሠሪው ነው»

ብዙውን ጊዜ ሻጩ ነው። እንደ ሆክስ ያሉ የለንደን የወታደር ልብስና ትጥቅ አቅራቢዎች፣ እንዲሁም በ1871 የተቋቋመው «አርሚ ኤንድ ኔቪ» የኅብረት ሥራ ሱቅ ስማቸውን ስለቱ ላይ በአሲድ ያስቀርጹ ነበር። ብረቱን የቀጠቀጠው ግን በርሚንግሃም ያለ አንጥረኛ፣ ለምሳሌ የሮበርት ሞል ፋብሪካ፣ ወይም የጀርመኗ የዞሊንገን ከተማ ባለሙያ ሊሆን ይችላል። ከናፖሊዮን ዘመን በተረፉት ላይ በብዛት የሚታየው የራንክል ስምም ከዞሊንገን ስለት እያስመጣ የሚሸጥ ነጋዴ ስም ነው። ስለዚህ የስለቱን ጎን ብቻ አይታችሁ አትፍረዱ፤ ደንደሱን ከእጀታው ሥር ተመልከቱ። የእውነተኛው ሠሪ ስም ሲኖር ብዙ ጊዜ የሚገኘው እዚያ ነው።

«ዊልኪንሰን የምላጭ ኩባንያ ነው፤ ጎራዴው ለማስታወቂያ ነው»

ተገላቢጦሽ ነው። ድርጅቱን ሄንሪ ኖክ የተባለ ጠመንጃ ሠሪ በ1772 ጀመረው፣ አማቹ ጄምስ ዊልኪንሰን ተረከበው፤ ምላጩ የመጣው ኋላ ነው። ጎራዴ መሥራቱን ያቆመው በ2005 ነው።

«ባለ ስድስት ጫፉ ኮከብ የዳዊት ኮከብ ነው፤ መሐሉ ላይ ያለችው ክብ ነገርም ወርቅ ናት»

እኛ ዘንድ ይህ ምልክት ወዲያው ከሰሎሞን ጋር ስለሚያያዝ ስህተቱ ይበረታል። በዊልኪንሰን ስለት ላይ ኮከቡ ጌጥ ነው፣ ሃይማኖታዊ ትርጉም የለውም። መሐሉ ላይ የገባችው ክብ ብረት ናስ ስትሆን ስለቱ በፋብሪካው ውስጥ የጥንካሬ ፈተና ማለፉን ትናገራለች። ፈታኙ ራሱ ሠሪው ነው እንጂ መንግሥት አይደለም። ሌሎች ሻጮችም ዘዴውን ቀድተው «ፕሩቭድ» (ተፈትኗል) የሚል የራሳቸውን ክብ ስላስገቡ፣ ክቧ መኖሯ ብቻውን ጎራዴውን የዊልኪንሰን አያደርገውም።

«ቁጥሩ ካለ የባለቤቱ ማንነት ተረጋገጠ»

ዊልኪንሰን በደንደሱ ላይ፣ ከእጅ መከለያው አጠገብ፣ ተከታታይ ቁጥር መምታት የጀመረው በ1854 ነው። ከዚያ በፊት የተሠራ ቁጥር የለውም፤ ስለዚህ ቁጥር ስለጠፋ ብቻ «ሐሰተኛ ነው» ማለት አይቻልም። ቁጥሩ በድርጅቱ መዝገብ የስለቱን ቀንና የገዢውን ስም ሊሰጥ ይችላል። «ገዢው» ግን አንዳንዴ ሌላ ሱቅ ነው። ደግሞም ቁጥሩ የሚናገረው ስለ ስለቱ ነው፤ እጀታው በኋላ ተቀይሮ ከሆነ መዝገቡ አያውቀውም።

ቁጥሩ ደብዝዞ ካስቸገራችሁ በአሸዋ ወረቀት አትፈግፍጉት። ከጎን መብራት አብሩበት፤ ካልታየ ስስ ወረቀት አድርጋችሁ በእርሳስ ቀስ ብላችሁ አሹበት።

«የቪክቶሪያ ምልክት ካለበት ከመቅደላ ዘመቻ ሊሆን ይችላል»

ቪ.አር. የሚለው የንግሥት ቪክቶሪያ ምልክት ከ1837 እስከ 1901 አገልግሏል፣ ወደ 64 ዓመት ማለት ነው። ምልክቱ ብቻውን ዘመኑን አያጠብም፤ የሚያጠበው የእጀታው ዓይነት ነው። በ1868 ከናፒየር ጋር የመጣ የእግረኛ ጦር መኮንን ሊይዝ የሚችለው በ1822 የወጣውን፣ ዘንግ ዘንግ ሆኖ የተሠራ ወርቅ ቅብ የናስ መከለያ ያለውን ዓይነት ነው። መከለያው ወጥ የብረት ሳህን ሆኖ ምልክቱ ተበስቶ የወጣበት ከሆነ የ1895 ወይም የ1897 ዓይነት ነው። የ1897ቱ የሚለየው ወደ ሰውነት የሚዞረው ጠርዙ ልብስ እንዳይበላ ወደ ታች በመታጠፉ ነው። እንዲህ ያለውን «የመቅደላ ነው» ብሎ የሚሸጥላችሁ ሰው ካለ ሒሳቡ አይገጥምም፤ ዘመቻው ካለቀ ከሃያ ዓመት በላይ ቆይቶ የወጣ ነው።

ደግሞ «የ1897 ዓይነት» ሲባል በ1897 ተሠራ ማለት አይደለም፤ ያ ደንቡ የወጣበት ዓመት ነው። ዓይነቱ ዛሬም በሰልፍ ላይ ይታያል። ስለቱ 82.5 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። ሜትር ዘርግታችሁ ብዙ ካነሰ ጫፉ ተሰብሮ እንደገና ተሞርዶ ይሆናል፤ የቅርጹ ጌጥ ወደ ጫፉ ሲደርስ ድንገት መቆረጡም ይህንኑ ያጋልጣል።

«በስለቱ ጎን በርዝመቱ የተቦረቦረው ቦይ የደም መውረጃ ነው»

አይደለም። ስለቱን ሳያዳክም ክብደቱን ይቀንሳል።

«የመኮንን ጎራዴ ጌጥ ነው፣ አይሳልም»፤ «ከተሳለ ሰው ገድሏል»

ሁለቱም ስህተት ነው። በሰላም ጊዜ ጠርዙ ዶልዱሞ ይቆያል፤ ዘመቻ ሲታወጅ ይሳላል። በነሐሴ 1914 የብዙ መኮንኖች ጎራዴ የተሳለው ጦርነቱ በተጀመረባቸው ቀናት ነው፤ ከሰፈር ያልወጣም ቢሆን ስለቱ ተስሎ ሊገኝ ይችላል።

«የመንግሥት ቀስት ምልክት ከሌለው አስመስሎ የተሠራ ነው»

ቀስቱ የመንግሥት ንብረት ምልክት ነው። መኮንኑ በገንዘቡ ለገዛው ምን ያደርግለታል? ቀስት ያለበት ጎራዴ ካገኛችሁ ለተራ ወታደሮች ወይም ለበታች ሹማምንት የተሰጠ ሊሆን ይችላል።

«ንጹሕና የሚያብለጨልጭ ከሆነ ዋጋው ይጨምራል»

ብዙ ዋጋ የሚጠፋው በዚህ ነው። በአሲድ የተቀረጸው ጌጥ ጥልቀቱ ከፀጉር አይበልጥም፣ ስለዚህ በአሸዋ ወረቀት ወይም በብረት ሱፍ ከተፈገፈገ ተመልሶ አይመጣም። የናሱ ወርቅ ቅብም በናስ ማጽጃ አንዴ ከታሸ ይወልቃል።

መጀመሪያ የጥጥ ጓንት አድርጉ፤ የእጅ ላብ ጨው በአንድ ሌሊት ዝገት ይጀምራል። ስለቱን በስፌት ማሽን ዘይት ቀብታችሁ አሳድሩትና በማግስቱ በጥጥ ጨርቅ በርዝመቱ አቅጣጫ ጥረጉት። ቀይ ዝገት ካለ በዘይት አርሳችሁ በጠንካራ እንጨት ስንጣቂ ቀስ ብላችሁ አንሡት፤ ጥቁሩ ነገር ብረቱን የማይበላ ሽፋን ነውና ተዉት። እጀታውን በሸፈነው የባሕር ዓሣ ቆዳ ላይ ዘይት አትቀቡ፤ ለእሱ ለስላሳ ደረቅ ብሩሽ ይበቃል። ናሱን በትንሽ ውኃ በረጠበ ጥጥ ጠርጋችሁ ወዲያው አድርቁት። በመጨረሻ ስለቱ ላይ ማይክሮክሪስታሊን የሚባለውን የቅርስ መጠበቂያ ሰም በስሱ ቀቡበት።

ከዚያ በኋላ ጎራዴውን በቆዳ አፎቱ ውስጥ ከትታችሁ አታስቀምጡት። ቆዳው እርጥበት ይይዛል፣ የፋቂው ኬሚካል አሲድም ብረቱን ይበላል። አፎቱ ለብቻው፣ ጎራዴው ለብቻው፣ ሁለቱም አግድም ተኝተው በደረቅ ቦታ ይቀመጡ።