«ከዐረፍተ ነገሩ ይገባሃል»፦ ስለ አዲስ ቃላት የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ልጅ ሆኜ አንድ በር ላይ «የጽኑ ሕሙማን ክፍል» የሚል ጽሑፍ አነበብኩ። «ጽኑ» የሚለውን ቃል አውቀዋለሁ። ጠንካራ፣ የማይናወጥ ማለት ነው። «በአቋሙ ጽኑ ነው» ሲባል ስንቴ ሰምቻለሁ። ስለዚህ ክፍሉ በረታ ያሉ፣ ለመዳን የተቃረቡ በሽተኞች የሚተኙበት መሰለኝ። ለዓመታት ይህንኑ ይዤ ኖርኩ። በኋላ የምንወደው ሰው እዚያ ክፍል ገባ ሲባል እኔ ደስ አለኝ፤ እናቴ ግን አለቀሰች። የጸናው ሰውየው ሳይሆን ሕመሙ መሆኑ የገባኝ ያን ቀን ነው።

ቃሉን ጭራሽ ባላውቀው ኖሮ እጠይቅ ነበር። ያልጠየቅኩት የማውቀው ስለመሰለኝ ነው። ለዚህም ይመስለኛል ስለ ቃላትና በዙሪያቸው ስላለው ዐውድ በልማድ የሚነገሩ አንዳንድ ነገሮች የሚቆረቁሩኝ።

«ጎበዝ አንባቢ አንዴ ካየው ይይዘዋል»

አይይዘውም። ስዋንቦርን እና ደ ግሎፐር የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1999 በጉዳዩ ላይ የተሠሩ 20 ሙከራዎችን አንድ ላይ አድርገው መርምረው ነበር። ተማሪዎች እንዲሁ ሲያነቡ ከሚያጋጥሟቸው የማያውቋቸው ቃላት ውስጥ የሚማሩት በአማካይ 15 በመቶ ያህሉን ብቻ ሆኖ ተገኘ። ከመቶው ሰማንያ አምስቱ ያልፋሉ ማለት ነው። ልጅዎ ትናንት ያነበበውን ቃል ዛሬ ቢረሳው ሰነፍ አይደለም። ሰው ሆኖ ነው።

«ሕፃናት ግን አንዴ ሰምተው ይይዛሉ» የሚል መልስ ይመጣል። እዚህ ላይ ሱዛን ኬሪ እና ኤልሳ ባርትሌት እ.ኤ.አ. በ1978 ያሳተሙትን ሙከራ ማስታወስ ደስ ይለኛል። ሁለት ትሪዎች ቀረቡ፤ አንዱ ሰማያዊ፣ ሌላው ወይራ መሳይ አረንጓዴ። የሦስትና የአራት ዓመት ልጆች «ክሮሚየሙን ትሪ አምጣልኝ፤ ሰማያዊውን ሳይሆን ክሮሚየሙን» ተባሉ። ቃሉን ሰምተውት አያውቁም። ሆኖም «ሰማያዊውን ሳይሆን» የሚለው ፍንጭ በቂ ነበርና አረንጓዴውን ትሪ አመጡ። ከቀናት በኋላ ሲጠየቁ አንዳንዶቹ ቃሉ የሆነ ቀለም ስም መሆኑን ይዘዋል። የትኛው ቀለም እንደሆነ በትክክል ለመለየት ግን ገና ብዙ ይቀራቸው ነበር። ቃል ቶሎ ይገባል፤ እስኪደላደል ግን ጊዜ ይወስዳል።

«ዐረፍተ ነገሩን ደግመህ አንብበው፣ ይነግርሃል»

አንዳንዱ ይነግራል። አንዳንዱ ሺህ ጊዜ ቢነበብም ምንም አይልም። «ወንድሙ ዳተኛ ነው» የሚለውን እንውሰድ። ዳተኛ ማለት ምንድን ነው? ሀብታም? ውሸታም? ዳኛ የሚመስለውም ይኖራል። ከዚህች ዐረፍተ ነገር ማንም ሊያውቀው አይችልም። አሁን ደግሞ ይህን እንይ፦ «እሱ ሥራ አይፈራም፤ ወንድሙ ግን ዳተኛ ነው፤ አንድ ነገር እስኪጀምር ጉትጎታ ይፈልጋል»። «ግን» የምትለዋ ትንሽ ቃል በሩን ከፈተችው። ቀሪውን «ጉትጎታ» ጨረሰው።

ቤክ፣ ማኬውን እና ማካስሊን እ.ኤ.አ. በ1983 ዐውዶች እኩል እንዳልሆኑ ሲጽፉ የሚያሳስቱም እንዳሉ ለይተው አሳይተዋል። የእኔው «ጽኑ» ከእነዚህ አንዱ ነው። ስለዚህ አስተማሪ «ከዐረፍተ ነገሩ ገምት» ከማለቱ በፊት ዐረፍተ ነገሩ በእርግጥ የሚያስገምት መሆኑን አስቀድሞ ቢያይ ጥሩ ነው። የማይቻል ነገር ጠይቆ ልጁን ማሸማቀቅ ያሳዝናል።

«ከበድ ያለ መጽሐፍ ብዙ ቃል ያስተምራል»

ሁ እና ኔሽን እ.ኤ.አ. በ2000 የእንግሊዝኛ ተማሪዎችን ልብ ወለድ አስነበቡ። ከቃላቱ 80 በመቶውን ብቻ ከሚያውቁት አንድም ሰው በቅጡ አልተረዳውም። ያለ ረዳት ለመረዳት 98 በመቶ ያህሉን ማወቅ ያስፈልጋል አሉ። ከ50 ቃል አንዱ ብቻ አዲስ ሲሆን ማለት ነው። ዐውድ የሚባለው የምናውቃቸው ቃላት ናቸው። እነሱ ከሌሉ በምን ይገመታል?

«ቃሉን ሰነጣጥቀህ እየው»

ይህ ግማሽ እውነት ነው። «አንደበት»ን ሰንጥቆ «አንድ» እና «ቤት» ያገኘ ሰው የትም አይደርስም። ነገር ግን «ዐውድ» የሚለውን ራሱን እንይ። «ዐውደ ርእይ» እና «ዐውደ ውጊያ» የሚሉትን የሰማ ሰው ዐውድ ቦታ፣ ሜዳ ነው ብሎ ይገምታል። ደህና ግምት ነው። ከዚያ «ዐውዳመት» «ዐውደ ዓመት» መሆኑን ሲያውቅ፣ ቃሉ ውስጥ ዙር፣ የሚዞር ነገርም እንዳለ ያያል። ያኔ «የቃሉ ዐውድ» ሲባል ቃሉን የከበበው ዙሪያው መሆኑ ይታየዋል። ይህን ያሳየው የቃሉ ስንጣቂ ብቻውን አይደለም፤ ሦስት የተለያዩ ቦታዎች ላይ ማግኘቱ ነው።

«መዝገበ ቃላት መክፈት ማጭበርበር ነው»

አይደለም። የሆላንዱ ተመራማሪ ያን ሁልስታይን እ.ኤ.አ. በ1992 ባሳተመው ሥራ፣ ፍቺውን ራሳቸው የገመቱ ተማሪዎች ዝም ብሎ ከተነገራቸው ይልቅ በተሻለ አስታውሰውታል። ግን የተሳሳተ ግምትም እንዲሁ አእምሮ ውስጥ ይቀመጣል። መጀመሪያ መገመት፣ ከዚያ መክፈት። እኔ ይህን ያህል ብቻ አድርጌ ቢሆን ኖሮ ያን ቀን ደስ አይለኝም ነበር።

«ልጅ ቃል የሚማረው ነገሩን በጣት ሲያሳዩት ነው»

«ኳስ» በጣት ይታያል። «አሰበ» ወይም «ረሳ» ወዴት ይጠቆማል? ላንዳው እና ግላይትማን እ.ኤ.አ. በ1985 ባሳተሙት ጥናት ከልደቷ ማየት የማትችል አንዲት ትንሽ ልጅ አለች። «ወደ ላይ ተመልከቺ» ስትባል ፊቷን ሳታነሣ እጆቿን ወደ ላይ ዘረጋች። ለእሷ መመልከት በእጅ ነበር። የሌሎች ሰዎች ማየት ግን ከዚህ የተለየ መሆኑንም ታውቅ ነበር። ጀርባዋን እንድታሳይ ሲጠይቋት ማንም ሳይነካት ዞር አለች። «ማየት»ን ማንም በጣት አላሳያትም።